ሶኬት ፍለጋ የወጣ ወርች

ሬቫ ባርፊልድ የኤሌክትሪክ የጭስ ምድጃ መግዛቷን ለማንም ሳትናገር ከረመች። ዕቃው የትንሽ ፍሪጅ ቁመት ያለው ጥቁር ሳጥን ነው። ከፊቱ የመስታወት በር፣ ከላዩ ቁጥር የሚያበራ መቆጣጠሪያ፣ ከጎኑ የእንጨት ስንጣሪ የሚጨመርበት ቀዳዳ አለው። ከኋላው ደግሞ ገመድ። ያሳፈራት ይሄ ገመድ ነበር። በአሜሪካ፣ በሰሜን ካሮላይና ምሥራቃዊ ክፍል፣ ይልቁንም በባርፊልድ ቤት፣ የአሳማ ሥጋ የሚበስለው በጡብ ጉድጓድ ላይ፣ በእንጨት ፍም፣ በወንድ እጅ ነው። ሶኬት ላይ ሰክቶ አሳማ ማብሰል በጸሎት መሐል የማፏጨት ያህል ነበር የሚቆጠረው።

አባቷ ሚስተር ሂራም በደጉ ዘመናቸው አገር ያወቃቸው የአሳማ ጠባሽ ነበሩ። ሙያውን ለወንድ ልጃቸው ለዌንዴል አወረሱት። ሬቫ ልጅ ሆና ወደ ጉድጓዱ ጠጋ ባለች ቁጥር «አንቺ ሂጂና ጎመኑን ክተፊ» ይሏት ነበር። ሄደች፤ ከተፈችም። ስድሳ ዓመቷን እስክትደፍን የቤተሰቡን ጥቅል ጎመን ስትከትፍ ኖረች። በሥራዋ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ሹፌር ናት። መንገድ የዘጋ ትራክተር በጥሩምባ አስነስታ የምታሳልፍ፣ አንድ አውቶቡስ ሙሉ ልጅ በመስታወት ገላምጣ ጸጥ የምታሰኝ ሴት ናት። ጉድጓዱ ጋ ስትደርስ ግን ጎመን ከታፊ።

ከፋሲካ በፊት ነው ሳጥኑን የገዛችው። ከጋራዡ ጀርባ ደብቃ መለማመድ ጀመረች። የመጀመሪያው ዶሮ ላስቲክ ሆነ። ቀጥሎ የሞከረችው ወርች እንደ ጫማ ሶል ደርቆ የጎረቤት ውሻ እንኳ ተሸክሞት ሄዶ ቀበረው። ሦስተኛው ላይ ግን ሹካዋን ስትሰካው ሥጋው ያለምንም ትግል ለሁለት ተከፈለላት። ቁርጥራጩን አፏ ውስጥ ጨመረች፤ ዓይኗን ጨፈነች፤ ከዚያ ጋራዡ ውስጥ ብቻዋን፣ ሹካዋን እንደያዘች፣ ወገቧ እስኪያማት ጨፈረች።

ምስጢሩ የወጣው የሚስተር ሂራም ዘጠናኛ ልደት ሲቃረብ ነው። ዌንዴል ትከሻውን ቀዶ ሕክምና ተደርጎለት ክንዱ በጨርቅ አንገቱ ላይ ተንጠልጥሏል። አካፋ ማንሳት ይቅርና ቀበቶውን የምታስርለት ሚስቱ ግሌንዳ ነች። ሦስቱ በዌንዴል ወጥ ቤት ተቀምጠው ምን ይሻላል ሲባባሉ ግሌንዳ «ከምግብ ቤት እንዘዝ» አለች።

«አባባ በዘጠና ዓመታቸው የሰው አሳማ ሊበሉ? እኔ በቁሜ!» አለ ዌንዴል።

«እኔ እሠራዋለሁ» አለች ሬቫ።

«በምንሽ? በመጥበሻ?»

«የጭስ ምድጃ አለኝ።»

«አንቺ? ፍሙን ከየት ልታመጪ ነው?»

«ፍም የለውም። የሚሰካ ነው።»

ዌንዴል የያዘውን ብርጭቆ ቀስ አድርጎ አስቀመጠ። «የሚሰካ ስትይ… የግድግዳ ሶኬት ላይ?»

«የጣሪያ ሶኬት ካለህ እሱም ይሆናል።»

ግሌንዳ ሳቋን መቆጣጠር አቅቷት ጓዳ ገባች። ዌንዴል ብዙ ተናገረ፤ ስለ አያታቸውም፣ ስለ እንጨትም፣ ስለ ነፍስም አነሳ። ነገር ግን አንድ እጅ ብቻ ነበረውና መጨረሻ ላይ «እሺ፤ ግን እኔ ቁጭ ብዬ አያለሁ» አለ።

የልደቱ ቅዳሜ ሬቫ ጎህ ሳይቀድ ተነሣች። እንቅልፍስ መቼ ያዛትና። ሁለቱን ወርች ዋዜማውን ሰናፍጭ ቀብታ፣ ጨው፣ ቡናማ ስኳር፣ ቁንዶ በርበሬና ጣፋጭ ቀይ በርበሬ አሽታባቸው አሳድራለች። ከፍሪጅ ስታወጣቸው፣ በትምህርት ቤት ሽርሽር ጠዋት እንዳለ ሕፃን ትቁነጠነጥ ነበር። ሳጥኑን ጋራዡ ደጃፍ አውጥታ ሰካች። ቁጥሩ በራ። ወርቹን ጎን ለጎን ደረደረች፤ የቴርሞሜትሩን ሹል እያንዳንዱ ሥጋ መሐል ወጋች፤ በጎኑ ቀዳዳ ሂኮሪ የሚባለውን ዛፍ ስንጣሪ አንድ እፍኝ ጨመረች። ጥቂት ቆይቶ ከላይ ካለችው መተንፈሻ አንዲት ቀጭን፣ ሰማያዊ የምትመስል ጭስ ብቅ አለች።

«መጣሽልኝ!» አለቻት ሬቫ፣ ሰው እንደምታናግር።

ፀሐይ ስትወጣ ዌንዴል ታጣፊ ወንበሩን በደህና እጁ እየጎተተ ደረሰ። ሳጥኑን ዞሮ ዞሮ አየው። በጫማው ጫፍ ነካ አደረገው።

«የታለ አሳማው? ወይስ ይሄ ልብስ ማጠቢያው ነው?»

«ቁጭ በል ዌንዴል።»

«አይ፣ ሸሚዜ ቆሽሿል፣ አብረሽ ብትጨምሪልኝ ብዬ ነው።»

«ቁጭ በል አልኩህ!» አለች በአውቶቡስ ድምጿ። ተቀመጠ።

ረፋዱ ላይ ሽታው መንደሩን አዳረሰው። አንዲት ጎረቤት ውሻዋን ለማንሸራሸር ወጥታ በዚያው ቤት ፊት ደጋግማ አለፈች። ሌላው ጎረቤት ሳሩን አጭዶ ከጨረሰ በኋላ መልሶ ያንኑ ሳር ማጨድ ጀመረ። ሬቫ በየመሐሉ ወደ መስታወቱ ጎንበስ ትላለች። ሥጋው መጀመሪያ ቀላ፤ ከዚያ ጠየመ፤ ከዚያ ላዩ ጥቁር ቅርፊት እያወጣ መጣ። ቁጥሩ ሲጨምር «ወጣ! ወጣ!» እያለች ትጮሃለች፤ ዌንዴል ደግሞ «ማን? ጎሉን ማን አገባ?» ይላታል።

ምሳ ሰዓት ካለፈ በኋላ ግን ቁጥሩ ቆመ። የሥጋው ሙቀት በፋራናይት መቶ ስልሳ ላይ ደርሶ ቀጥ። ሬቫ ጠበቀች። ጓሮውን ዞራ መጣች። መቶ ስልሳ። ጎመን የለ የምትከትፈው፤ በዚህ ዓመት የጎመን ሰላጣውን ግሌንዳ ከሱቅ ልታመጣ ተስማምተዋል። ሁለት መቶ ካላለፈ ሥጋው በጣት እንደማይበጣጠስ ታውቃለች፤ ዘመድ አዝማዱ ደግሞ ወደ ማታ ግድም ይመጣል። ልምምዱ ላይም እንዲህ ያለ መቆም ነበር፤ እንዲህ የከረመ ግን አይታ አታውቅም። ቁጥሩ ፈጽሞ ንቅንቅ አላለም።

«ሙቀቱን ልጨምረው ነው» አለችና እጇን ወደ መቆጣጠሪያው ሰደደች።

«እንዳትነኪው!»

ዌንዴል ከወንበሩ ብድግ ብሎ ነበር። ሬቫ ዘወር ብላ አየችው። ቀልድ ፊቱ ላይ የለም።

«አልቦት ነው» አለ። «ሥጋ እዚህ ሲደርስ ያልበዋል። ላቡ ሲተን ያበርደዋል፣ ለዚያ ነው የቆመው። እንጨት ላይም እንደዚሁ ነው፤ እኔ በወጣትነቴ ተናድጄ ፍም ማግጄበት አንድ ሙሉ አሳማ አቃጥያለሁ። አባባ ለሳምንት አላናገሩኝም። ተይው፤ ራሱ ይሄዳል።»

«ካልሄደስ?»

«ይሄዳል አልኩሽ እኮ። ስንጣሪ ጨምሪና ቁጭ በይ።»

ወንድሟ ስለ ጉድጓዱ ሥራ እንደ እኩያ ሲያናግራት ይህ የመጀመሪያው ነበር። እሱ ራሱ ያስተዋለው አይመስልም። እሷ ግን አስተውላለች። ሁለት እፍኝ ስንጣሪ ጨመረችና አጠገቡ ቁጭ አለች። ሁለቱም ዓይናቸውን ቁጥሩ ላይ ተክለው፣ እንደ ኳስ ተመልካች ወደፊት አዘንብለው ጠበቁ።

መቶ ስልሳ አንድ።

«ወጣ!» ብሎ የጮኸው ዌንዴል ነው።

ከዚያ በኋላ ቁጥሩ ልጓሙን እንደበጠሰ ፈረስ ነጎደ። መቶ ሰባን አለፈ፤ መቶ ሰማንያን አለፈ። ሬቫ እጇን ከማጨብጨብ አላቋረጠችም። በምዕራብ በኩል ሰማዩ መጥቆሩን ያየ ሰው አልነበረም። ነጎድጓዱን ሲሰሙ ቀና አሉ፤ ዝናቡ ወዲያው ወረደ። ሳጥኑን እየገፉ ጋራዡ ውስጥ አስገብተው ሳይጨርሱ፣ ከመንገዱ ማዶ ያለው ትራንስፎርመር አረንጓዴ ብልጭታ ተፋና ጓ! አለ።

የጎረቤት ሬዲዮ ዝም አለ። ፍሪጁ ዝም አለ። የሳጥኑ ቁጥር ጠፋ።

ዌንዴል አፉን ከፈተ።

«አንድ ቃል እንዳይወጣህ» አለችው ሬቫ።

«እንጨት ገመድ የለውም ልል ነበር።»

«ፍምህ የታለ? አምጣዋ! ጉድጓድህ ውስጥ ከመጋቢት ጀምሮ ድመት ወልዳበታለች!»

ሬቫ ጋራዡ ውስጥ ወዲያና ወዲህ ትል ጀመር። የቤቷ ኦቭን በኤሌክትሪክ ነው። የዌንዴልም እንዲሁ። መንደሩ በሙሉ ጨልሟል። በሩ ካልተከፈተ ሙቀቱ ለጥቂት ጊዜ ይቆያል፤ ከዚያ በኋላ ግን አባቷ በዘጠና ዓመታቸው፣ የጎደላቸውን ጥርስ ይዘው፣ እንደ ገመድ የሚጎተት ሥጋ ሊታገሉ ነው። ደግሞ ለዘላለም «የሬቫ ሶኬት» እየተባለ ሊወራ ነው። በዚህ መሐል ግሌንዳ ሰላጣውን ይዛ በዝናብ እየሮጠች ገባች።

«ሦስት መንደር ሙሉ ጠፍቷል!» አለች። «መብራት ያየሁት እሳት አደጋ ጣቢያው ጋ ብቻ ነው። ጄኔሬተራቸው ያጓራል።»

ሬቫ ቆመች።

«ዌንዴል፣ የፒካፕህን ቁልፍ ስጠኝ።»

«ለምን?»

«ስጠኝ ነው የምልህ!»

ሬቫና ግሌንዳ የምድጃ ጓንት አጥልቀው ሳጥኑን ሁለቱ ወርች ውስጡ እንዳለ አንሥተው ፒካፑ ላይ ጫኑት። በሩ እንዳይከፈት በገመድ ሸብ አደረጉት። ጎኖቹን በወፍራም ብርድ ልብስ ጠቀለሉት፤ መተንፈሻውን ብቻ ተዉት። ቅድም የተጨመረው ስንጣሪ ውስጥ ለውስጥ እየተቀጣጠለ ነበርና ጭሱ በዚያች መተንፈሻ ይግተለተላል። ማን ይደግፈዋል የሚለው ጥያቄ ሲነሣ ዌንዴል ከኋላ ወጥቶ ተቀመጠ፤ በደህና ክንዱም ሳጥኑን እቅፍ አደረገው።

«ይሄን ፎቶ ባነሣው…» አለች ግሌንዳ።

«ፎቶ ካነሣሽ ፍቺ ነው» አለ ዌንዴል። «ሂጂና አባባን አምጪ!»

ሬቫ ነዳች። ሕይወቷን ሙሉ በየፌርማታው እየቆመች፣ ቀስ ብላ፣ የሰው ልጅ ይዛ ነው የነዳችው። ዛሬ ግን ጎማው ኩሬ ውስጥ በገባ ቁጥር ውሃው እንደ ክንፍ ግራና ቀኝ ይነሣል። ዝናቡ ወደ ካፊያ ተለውጧል። ከኋላ ዌንዴል «ቀስ! ወርቹ! ቀስ!» እያለ ይጮሃል። ደግሞ ወዲያው «ፍጠኚ፣ እየቀዘቀዘ ነው!» ይላል። ሬቫ መሪውን ጨብጣ ሳቋን ለቀቀችው። በጨለመው ከተማ መሐል፣ ረጅም የሂኮሪ ጭስ እንደ ጅራት እየጎተቱ ከነፉ። በረንዳ ላይ የቆመ ሰው ሁሉ አንገቱን ወደ ነፋሱ ቀና ያደርግ ነበር።

የእሳት አደጋ ጣቢያው ትልልቅ በሮች ተከፍተዋል። በጎ ፈቃደኞቹ ደጃፍ ላይ ቆመው ዝናቡን ሲያዩ፣ አንድ ፒካፕ ጭስ እየተፋ፣ ከኋላውም አንድ ሰው በብርድ ልብስ የተጠቀለለ የሚጨስ ነገር አቅፎ እየጮኸ ወደ እነሱ ሲበር ተመለከቱ። ሥራቸው ነውና አላመነቱም። አለቃቸው ዴዊ የእሳት ማጥፊያውን መንጥቆ ሮጠ፤ ሌሎች ሁለት ደግሞ ቱቦ መዘርጋት ጀመሩ።

ሬቫ ፍሬኑን ረግጣ ዘላ ወረደች።

«ዴዊ! ያንን አስቀምጥ! እንዳትረጭ! የአባቴ እራት ነው!»

ዴዊ ግዙፍ ሰው ነው፤ የሁለት ልጆች አባት ነው። ነገር ግን ከአንደኛ ክፍል እስከ ስምንተኛ በሬቫ አውቶቡስ ነው የተመላለሰው። ያንን ድምፅ ሲሰማ እግሩ በራሱ ቆመ፤ ማጥፊያውንም መሬት ላይ አኖረ።

«እትዬ ሬቫ? ሰውዬው… ሰውዬው አልተቃጠለም?»

«እሱ እንደዚያ ነው። ሶኬት የታለ?»

«ምን?»

«ሶኬት፣ ልጄ! ሶኬት! ሁለት ወርች በእጄ ላይ ሊቀዘቅዝብኝ ነው!»

ከዚያ በኋላ የሆነው እንደ እውነተኛ የእሳት አደጋ ጥሪ ፈጣን ነበር። አራት ጎልማሶች ሳጥኑን እንደ ሕመምተኛ አንሥተው አወረዱ። አንዱ ማራዘሚያ ገመድ ይዞ ሮጠ። ዴዊ በሁለቱ ቀይ መኪኖች መሐል ቦታ አስለቀቀ። ሬቫ ተንበርክካ ሰካችው። ቁጥሩ በራ፤ መቶ ሰባ ስምንት።

«ዐሥርም አልወረደም!» ብሎ ዌንዴል ተንደረደረና እህቱን በአንድ እጁ አቀፋት። «ያዘው! ይሄ ሳጥን ሙቀቱን ያዘው እኮ!»

«ልብስ ማጠቢያ ነው ብለህ አልነበር?»

«ጥሩ ልብስ ማጠቢያ ነው።»

ፀሐይ ከደመናው ሥር ወጥታ የጣቢያውን ወለል ስታቀልም ቁጥሩ ሁለት መቶን አለፈ። ሬቫ በሩን ከፈተች። ጭሱ ፊቷን ሸፈነው። ቅርፊቱ እንደ ከሰል ጠቁሮ ያብለጨልጫል። የአንደኛውን ወርች አጥንት ይዛ ሳብ ስታደርገው፣ ቢላዋ ከሰገባው እንደሚወጣ ንጹሕ ሆኖ ወጣ። እሳት አደጋዎቹ «ኦሆ!» አሉ። እሷ አጥንቱን ከፍ አድርጋ እንደ ዋንጫ አሳየቻቸው።

ግሌንዳ ሚስተር ሂራምን ይዛ ደርሳ ነበር። ዘመዶችም የልደቱ ቦታ መለወጡን እየሰሙ በየመኪናቸው መጡ። ሠራተኞቹ የሚበሉበትን ረጅም ጠረጴዛ በመኪኖቹ መሐል ዘረጉ። ሬቫ ሥጋውን በጣቷ በጣጠሰች፤ በቢላዋ ደቀቅ አደረገች፤ ከአቼቶና ከቀይ ቃሪያ የሠራችውን መረቅ አርከፈከፈችበት፤ ከቅርፊቱም ጨመረችበት። የመጀመሪያውን ሳህን ይዛ ወደ አባቷ ሄደች። ሚስተር ሂራም ዓይናቸው ደክሟል፤ አፍንጫቸው ግን አልደከመም። ሳህኑ ከመድረሱ በፊት ራሳቸውን ቀና አደረጉ።

ጎረሱ። አኘኩ። ጊዜ ወስደው አኘኩ፤ ከጎኑ ያለውን ጎመንም ቀመሱ። ከዚያ ቅርፊቱን ፈልገው አገኙና እሱን ደግሞ ለብቻው ጎረሱ።

«ማን ነው ያበሰለው?» አሉ።

ዌንዴል አጠገባቸው ነበር። አባቱ ፊታቸውን ወደ እሱ አዙረው ነው የጠየቁት። ሬቫ የወንድሟን ፊት አየች። ዝም ቢል ሙገሳው ለእሱ በቀረለት ነበር።

«ሬቫ ናት አባባ።»

«ሬቫማ ጎመን ነው የምትሠራው።»

«ጎመኑ ዘንድሮ ከሱቅ ነው» አለች ግሌንዳ።

«ሣር ሣር ያለኝ ለካ ለዚህ ነው።» እንደገና ጎረሱ። «በየትኛው ጉድጓድ ሠራችው?»

«በጉድጓድ አይደለም አባባ» አለች ሬቫ። «በኤሌክትሪክ ነው። ሳጥን ነው። ይሰካል።»

ጠረጴዛው ዙሪያ ያለው ሰው ማኘኩን ተወ። ሚስተር ሂራም እጃቸውን ዘረጉ። «ውሰጂኝ እስቲ፤ ልንካው።»

ክንዳቸውን ይዛ ወሰደቻቸው። ለብ ያለውን ጎኑን ዳሰሱ፤ መተንፈሻውን አገኙ፤ ጎንበስ ብለው አሸተቱ።

«ፍሙስ?»

«ከታች የሚግል ብረት አለ። ስንጣሪውን እሱ ያጨሰዋል።»

«ሌሊት ማን ይጠብቀዋል?»

«ራሱን ይጠብቃል፤ ሙቀቱን እሱ ነው የሚይዘው።»

ሽማግሌው ሳጥኑን በመዳፋቸው መታ መታ አደረጉ። «እኔ ታዲያ ያን ሁሉ ዘመን ጉድጓድ ጥግ ቁጭ ብዬ ትንኝ ያስበላሁት ለምንድነው?»

እሳት አደጋዎቹ በሳቅ ፈነዱ። ሚስተር ሂራም ግን አልጨረሱም። ወደ ልጃቸው ዞሩ፤ የባለሙያ ፊት ነበር የያዙት።

«ሥጋው ልክ ነው። ጨውሽም ልክ ነው። ጭሱ ግን ትንሽ ሳስቶብሻል። ለገና ስትሠሪው ሂኮሪውን ከኦክ እንጨት ጋር ቀላቅዪው። ሰማሽ?»

«ለገና?»

«ታዲያ መቼ? እስከ ዘጠና አንድ ልታስጠብቂኝ ነው? በይ መልሺኝ፣ ሳህኔን ሰው እንዳይበላብኝ።»

ሬቫ ወደ ወንበራቸው መለሰቻቸው። ከዚያ ከትልቁ ቀይ መኪና ጀርባ ሄደችና፣ ጡጫዋን አፏ ላይ አድርጋ፣ ድምፅ ሳታሰማ ዘለለች። ሁለቴ፣ ሦስቴ ዘለለች። ዴዊ ውሃ ሊቀዳ መጥቶ አያት።

«ደህና ነዎት እትዬ ሬቫ?»

«ዞር በል፤ ሥራ አለኝ» አለችውና እንደገና ዘለለች።

ወዲያው የጣቢያው ደወል ጮኸ፤ በወንዙ ዳር መንገድ ላይ ዛፍ ወድቋል። ሰዎቹ አፋቸው እንደሞላ የራስ ቁራቸውን እያጠለቁ ወደ መኪናው ተጣደፉ። ሬቫ ዳቦ ከፍታ፣ ሥጋ አጭቃ፣ በየመስኮቱ እያቀበለች ከመኪናው ጋር ሮጠች። «ዴዊ፣ ይሄ ያንተ ነው! ለሹፌሩም ስጠው! ሁለት እጁን መሪው ላይ ያድርግ በለው!»

ሳይረኑ እየራቀ ሲሄድ ዌንዴል ቀስ ብሎ አጠገቧ መጣ። የሚያየው ሰው እንዳለ ግራ ቀኙን ቃኘ። ጉሮሮውን ጠረገ።

«ይሄ ነገር…» አለ በሹክሹክታ፣ «ከዚህ ተለቅ ያለ አለው? ማለቴ… ትከሻዬ እስኪድን ብቻ።»

ሬቫ ወደ ጠረጴዛው ዞረች፤ አየር ሳበች፤ የአውቶቡስ ድምጿንም ሙሉ በሙሉ ለቀቀችው።

«ሰማችሁ ወይ! ዌንዴል ሶኬት ሊገዛ ነው!»